ኮምፒውተርዎ ሲያዘግም፦ መጀመሪያ ምርመራ፣ ከዚያ ጽዳት

"ኮምፒውተሬ አልንቀሳቀስ አለኝ፣ እስኪ እየው" ተብዬ ስጠራ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀኝ ችግር አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። አንደኛው መሣሪያውን መጀመሪያ ያዘገመው ነገር ነው፤ ሁለተኛው ባለቤቱ መፍትሔ ብሎ የጨመረበት ነው። "ፍጥነት ይጨምራል" የተባለ ፕሮግራም ከኢንተርኔት አውርዷል፣ በነበረው ጸረ-ቫይረስ ላይ ሌላ ደርቧል፣ ስማቸው ያላማረውን ፋይሎች ሰርዟል። ኮምፒውተሩም ብሶበታል።

የጎደለው ትጋት አይደለም፤ ቅደም ተከተል ነው። ኮምፒውተር የሚያዘግመው አብሮት የሚነሣው ፕሮግራም ሲበዛ፣ ዲስኩ ሲሞላ ወይም ሲያረጅ፣ ራሙ (የተከፈቱ ፕሮግራሞች ለጊዜው የሚቀመጡበት ሜሞሪ) ሲያንስ፣ ሙቀት ሲበዛበት ወይም ጎጂ ሶፍትዌር ሲገባበት ነው። የእያንዳንዱ መድኃኒት የተለየ ነው። ራም ያነሰውን ኮምፒውተር በጸረ-ቫይረስ አያፈጥኑትም፤ ቫይረስ የገባበትንም ራም ጨምረው አያድኑትም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን በተጻፈበት ቅደም ተከተል ይሥሩት። መመሪያው ለዊንዶውስ 10 እና ለዊንዶውስ 11 ነው፤ የምናሌ ስሞችን በስክሪኑ ላይ እንደሚነበቡት አስቀምጫቸዋለሁ።

ከሁሉ በፊት ሰነድዎን ያትርፉ

ምንም ነገር ከመነካካትዎ በፊት ቢጠፋ የማይተካውን ይቅዱ፦ ፎቶግራፎችን፣ የሥራና የትምህርት ጽሑፎችን፣ ስካን የተደረጉ ሰነዶችን። ቅጂው በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ይሁን፤ ቀድተው እንደጨረሱም ነቅለው ያስቀምጡት። ፕሮግራሞችንና የፕሮግራም መጫኛ ፋይሎችን ግን አይቅዱ። ቫይረስ ካለ በዋናነት ተሳፍሮ የሚሄደው በእነሱ ነው፤ ፕሮግራም ደግሞ ሁልጊዜ እንደገና ሊወርድ ይችላል።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ስላየሁት ነው። አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏ ያለበትን ላፕቶፕ አምጥታ "በጣም ያዘግማል" ስትለኝ፣ ቫይረስ ነው ብዬ በቀጥታ ሙሉ ፍተሻ አስጀመርኩ። ፍተሻው ወደ ግማሽ ሲደርስ ከመሣሪያው ውስጥ ቀጭን "ጠቅ፣ ጠቅ" የሚል ድምፅ ይሰማ ጀመር። ትንሽ ቆይቶ ስክሪኑ ደርቆ ቀረ። ለካ ዲስኩ ከመጀመሪያውም እየሞተ ነበር፤ ያዘገመውም ለዚያ ነው። ሙሉ ፍተሻ እያንዳንዱን ፋይል ስለሚያነብ የደከመን ዲስክ የቀረችውን አቅም ያሟጥጣል። ለአማካሪዋ በኢሜይል የላከችው የቆየ ቅጂ ባይኖር ኖሮ ምንም አይተርፍም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የጻፈችው የሁለት ወር ሥራ ግን አልተገኘም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳልቀዳ የነካሁት ኮምፒውተር የለም።

ቫይረስ አለ ብለው ከጠረጠሩ ቅጂውን ከመጀመርዎ በፊት ዋይፋዩን ያጥፉ ወይም የኢንተርኔት ገመዱን ይንቀሉ። መሣሪያው እስኪጸዳ ድረስም የባንክ ሒሳብዎንና ኢሜይልዎን በእሱ አይክፈቱ።

አንድ ወረቀት አጠገብዎ ያስቀምጡና ሦስት ቁጥሮችን ይጻፉበት። የመጀመሪያው፣ የማብሪያውን ቁልፍ ከተጫኑ ጀምሮ ኮምፒውተሩ ለሥራ ዝግጁ እስኪሆን የሚወስደው ጊዜ ነው። ሁለተኛው የኢንተርኔት ማሰሻው፣ ማለትም ብራውዘሩ፣ ለመከፈት የሚፈጅበት ሰከንድ ነው። ሦስተኛውን ቀጥሎ ከሚመጣው ምርመራ ያገኙታል። ያለ እነዚህ ቁጥሮች "ትንሽ የተሻለው መሰለኝ" ከማለት አያልፉም።

ማጥፋትና ሪስታርት ማድረግ አንድ አይደሉም

ብዙ ሰው ኮምፒውተሩን በየማታው ስለሚያጠፋ በየጠዋቱ እንደ አዲስ የሚነሣ ይመስለዋል። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ግን "ፋስት ስታርትአፕ" የሚባል አሠራር አለ፤ "ሻት ዳውን" ሲሉት የሥርዓቱን እምብርት ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ በማግስቱ ካቆመበት ያነሣዋል። የተበላሸ ነገር ካለ አብሮ ተቀምጦ አብሮ ይነሣል። ሙሉ በሙሉ የሚያድሰው "ሪስታርት" ነው።

ይህን በዓይንዎ ማየት ይችላሉ። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች በአንድ ላይ ይጫኑ፤ ታስክ ማኔጀር፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ላይ የሚሠራውን ሁሉ የሚያሳየው መስኮት፣ ይከፈታል። "ፐርፎርማንስ" ከሚለው ክፍል "ሲፒዩ" የሚለውን (ፕሮሰሰሩን፣ የኮምፒውተሩን አንጎል) ይምረጡና ከታች "አፕ ታይም" የሚለውን ያንብቡ፤ ሙሉ በሙሉ ከታደሰ ያለፈውን ጊዜ ያሳያል። በየማታው የሚጠፋ ኮምፒውተር ላይ ሃያና ሠላሳ ቀን የሚያሳይ ቁጥር አይቼ አውቃለሁ። ሪስታርት ያድርጉትና ወደ ምርመራው ይግቡ።

ማን ነው የሚበላው? ታስክ ማኔጀርን ማንበብ

የዚህ ሥራ ልብ እዚህ ላይ ነው፤ አይቸኩሉ። ኮምፒውተሩ ከተነሣ በኋላ ምንም ፕሮግራም ሳይከፍቱ አምስት ደቂቃ ያህል ይተዉት። ከዚያ ታስክ ማኔጀርን ከፍተው "ፕሮሰስስ" በሚለው ክፍል ያሉትን ዓምዶች ይመልከቱ፤ ሲፒዩ፣ ሜሞሪ፣ ዲስክ፣ ኔትወርክ። ምንም የማይሠራ ኮምፒውተር ሲፒዩው ዝቅ ብሎ፣ ዲስኩም ወደ ዜሮ ቀርቦ መታየት አለበት። የሜሞሪውን መቶኛ ወረቀትዎ ላይ ይጻፉት፤ ሦስተኛው ቁጥር እሱ ነው።

ዲስክ የሚለው ዓምድ 100 በመቶ ላይ ተለጥፎ ከቀረ፣ በሰከንድ የሚነበበውን መጠን ደግሞ ይዩ። መቶኛው ሙሉ ሆኖ የሚነበበው አንድ ወይም ሁለት ሜጋባይት ብቻ ከሆነ፣ ያለዎት የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ሳይሆን አይቀርም፤ በ"ፐርፎርማንስ" ክፍል ዲስኩን ሲመርጡ "ኤችዲዲ" ወይም "ኤስኤስዲ" ብሎ ይነግርዎታል። አብዛኛው የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይሽከረከራል፤ ይህም በሰከንድ 90 ዙር ነው። አንዲት ፋይል እስክትገኝ በአማካይ ግማሽ ዙር መጠበቅ ስላለበት፣ ከ5 ሚሊሰከንድ በላይ ለመጠበቅ ብቻ ይውላል፤ የማንበቢያው ክንድ የሚንቀሳቀስበት ጊዜ ሲጨመር ደግሞ ከዚያ ይልቃል። ዊንዶውስ ሲነሣ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን ይጠራል። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር አካል ስለሌለው ይህ ጥበቃ አይነካውም። ችግሩ የዲስኩ አዝጋሚነት ከሆነ፣ ምንም ያህል ቢያጸዱ የሚያገኙት ለውጥ ትንሽ ነው፤ መፍትሔውን ወደ መጨረሻው እነግርዎታለሁ።

ሜሞሪው ምንም ሳይከፈት ከ80 በመቶ በላይ ከሆነ ራሙ አንሷል፣ አለዚያም ሳያውቁት የሚሠሩ ፕሮግራሞች ሞልተውታል። ራም ሲጠብብ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስክ ያሸሻል፤ ያን ጊዜ ዲስኩም አብሮ ይጨነቃል። ስለዚህ ሁለቱ ዓምዶች አብረው ከፍ ካሉ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ራም ነው።

ሲፒዩው ከፍ ካለ የዓምዱን ርእስ ጠቅ ያድርጉ፤ ብዙ የሚበላው ወደ ላይ ይወጣል። እዚህ ላይ ሰዎች ደጋግመው የሚሳሳቱባቸውን ሁለት ስሞች ልንገርዎ። "አንቲማልዌር ሰርቪስ ኤክስኪውተብል" የሚባለው ቫይረስ ሳይሆን የዊንዶውስ የራሱ ጠባቂ ነው፤ ሥራ የሚበዛበት በሚፈትሽበት ሰዓት ነው፣ ይተዉት። "ዲቴይልስ" በሚለው ክፍል ደግሞ "ሲስተም አይድል ፕሮሰስ" 95 በመቶ ሲበላ አይተው እንዳይደነግጡ፤ ያ ቁጥር ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠበትን ጊዜ ነው የሚያሳየው። ከፍ ባለ ቁጥር ጥሩ ነው።

የማያውቁት ስም ካገኙ አይሰርዙት፤ መታወቂያውን ይጠይቁት። በቀኝ ጠቅ አድርገው "ኦፕን ፋይል ሎኬሽን" ይበሉ። ራሱን የዊንዶውስ አካል አድርጎ የሚያቀርብ ፕሮግራም መኖሪያው ዊንዶውስ በሚባለው ፎልደር ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሲስተም 32 በሚለው ሥር ነው። ያው ስም "ቴምፕ" ወይም "አፕዴታ" በሚባል ፎልደር ውስጥ ከተገኘ አስመሳይ ነው። የስሙን ፊደላትም አንድ በአንድ ያንብቡ፤ በ"ኦ" ቦታ ዜሮ፣ በ"ኤል" ቦታ የ1 ቁጥርን ማስገባት የቆየ ማታለያ ነው። ጤነኛ ፕሮግራሞችም በአፕዴታ ውስጥ ስለሚቀመጡ ቦታው ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ስሙና ቦታው ካልተጣጣሙ ግን መጠርጠር አለብዎት። ከተጠራጠሩ ፋይሉን ቫይረስ ቶታል በተባለው ድረ ገጽ ላይ ያስመርምሩት፤ በብዙ ጸረ-ቫይረሶች በአንድ ጊዜ ያስፈትሽልዎታል። የግል ሰነድ ግን እዚያ አይጫኑ፤ የተጫነው ፋይል ለሌሎች መርማሪዎች ይደርሳልና።

አንድ ተንኮል ደግሞ አለ። በድብቅ በሰው ኮምፒውተር ክሪፕቶከረንሲ (ዲጂታል ገንዘብ) የሚያመርቱ ፕሮግራሞች አንዳንዶቹ ታስክ ማኔጀር ሲከፈት ሥራቸውን ያቆማሉ፤ ሲዘጋ ይቀጥላሉ። ቁጥሩ ንጹሕ ነው፣ ጆሮዎ ግን ሌላ ይነግርዎታል። ማራገቢያው ሲጮህ ቆይቶ ታስክ ማኔጀርን በከፈቱ ቁጥር ጸጥ ካለ፣ በቀጥታ ወደ ፍተሻው ክፍል ይሂዱ።

አብረው የሚነሡትን ይቀንሱ

በታስክ ማኔጀር "ስታርትአፕ አፕስ" (ዊንዶውስ 10 ላይ "ስታርትአፕ") የሚለው ክፍል ኮምፒውተሩ ሲነሣ ተከትለው የሚነሡትን ይዘረዝራል። ሙዚቃ ማጫወቻ፣ የጨዋታ መደብር፣ የቪዲዮ ስብሰባ፣ የፕሪንተር ረዳት፤ ሁሉም "እኔ ቀድሜ ልዘጋጅ" ይላሉ። በየዕለቱ የማይጠቀሙበትን ይምረጡና "ዲስኤብል" ይበሉት። ይህ ፕሮግራሙን አያጠፋም፤ ሲፈልጉ ራስዎ ይከፍቱታል። የጸረ-ቫይረሱን፣ የድምፁንና የመዳሰሻ ሰሌዳውን ግን አይንኩ። በአንድ ጊዜ ሁሉንም ከመዝጋት ይልቅ አራት አምስቱን ዘግቶ ሪስታርት ማድረግ ይሻላል፤ የጎደለ ነገር ቢኖር የትኛው እንደሆነ ያውቁታል።

ቦታ ማስለቀቅና ማራገፍ

ሲ ድራይቭ ከሞላ ዊንዶውስ መተንፈሻ ያጣል። ቢያንስ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህሉ ባዶ ይሁን። "ሴቲንግስ"፣ "ሲስተም"፣ "ስቶሬጅ"፣ ከዚያ "ቴምፖራሪ ፋይልስ" ብለው ይግቡ። ከዝርዝሩ ውስጥ "ዳውንሎድስ" የሚል ካዩ ምልክት እንዳያደርጉበት ይጠንቀቁ፤ ያወረዷቸው ፋይሎች ሁሉ ይጠፋሉ። "ፕሪቪየስ ዊንዶውስ ኢንስታሌሽን" የሚል ካለ የድሮው ሥርዓት ቅሪት ነው፤ ወደ እሱ መመለስ ካልፈለጉ ሲሰርዙት ብዙ ጊጋባይት ይለቃል።

ከዚያ "አፕስ" ውስጥ "ኢንስቶልድ አፕስ" (ዊንዶውስ 10 ላይ "አፕስ ኤንድ ፊቸርስ") ይክፈቱና ዝርዝሩን በተጫነበት ቀን ያስደርድሩት። ይህ ቀላል ነገር ብዙ ያጋልጣል። አንድ ነጻ ፕሮግራም በጫኑበት ቀን፣ እርስዎ ያልመረጧቸው ሦስት አራት ሌሎች ስሞች አብረው ተሰልፈው ያገኛሉ፤ በመጫኛው ላይ ሳያነቡ "ኔክስት" ሲሉ ተከትለው የገቡ ናቸው። ያራግፏቸው። "አፋጣኝ"፣ "አጽጂ"፣ "የሬጂስትሪ ጠጋኝ" የሚሉትንም አብረው ያውጧቸው። ሬጂስትሪን (የዊንዶውስ ቅንብሮች መዝገብን) በማጽዳት የሚገኝ ፍጥነት የለም፤ በስሕተት የተሰረዘ አንድ መስመር ግን ዊንዶውስን እንዳይነሣ ሊያደርገው ይችላል። በሚሊዮኖች የሚጠቀሙበት ሲክሊነር እንኳ እ.ኤ.አ. በ2017 በሰርጎ ገቦች ተደፍሮ፣ 5.33 የተባለው እትሙ ከነጎጂ ኮዱ በራሱ በአምራቹ በኩል ተሠራጭቷል። ዊንዶውስ የራሱ ማጽጃ ስላለው ሌላውን በር መክፈት አያስፈልግም።

ሁለት ጸረ-ቫይረስ ካለዎት አንዱን ያውጡ። ሁለቱም እያንዳንዱን ፋይል ስለሚፈትሹ አንዱ የሌላውን ሥራ ያስተጓጉላል። ዲስክዎ ኤስኤስዲ ከሆነ ደግሞ ከውጭ ባመጡት ፕሮግራም ዲፍራግመንት (የተበታተኑ የፋይል ክፍሎችን መሰብሰብ) አያድርጉት፤ ጥቅም የለውም፣ የጽሕፈት ዕድሜውንም ይቀንሳል።

ብራውዘሩ

ብዙ ጊዜ "ኮምፒውተሬ ዘገመ" የሚባለው፣ ያዘገመው ብራውዘሩ ብቻ ሲሆን ነው። "ኤክስቴንሽንስ" የሚለውን ከፍተው የማያስታውሱትን ሁሉ ያስወግዱ። መነሻ ገጽዎና የፍለጋ ሞተርዎ ሳያውቁ ከተቀየሩ ከሴቲንግሱ ይመልሷቸው፤ መልሰው መላልሰው ከተቀየሩ "ሪሴት ሴቲንግስ" ይበሉ። የቤት ኮምፒውተር ሆኖ ሳለ በብራውዘሩ ምናሌ ግርጌ "ማኔጅድ ባይ ዩር ኦርጋናይዜሽን" የሚል ካዩ ልብ ይበሉ፤ አንድ ፕሮግራም በእርስዎ ላይ የራሱን ደንብ ጭኗል ማለት ነው። አንዳንድ ጤነኛ ጸረ-ቫይረስም እንዲህ ያደርጋል፤ እንዲህ ያለ ነገር ካልጫኑ ግን የጎጂ ሶፍትዌር ምልክት ነው።

ከስክሪኑ ቀኝ ጥግ "ኮምፒውተርዎ በ5 ቫይረስ ተይዟል" እያለ ብቅ የሚለው ማስጠንቀቂያ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። በደንብ ካዩት በትንንሽ ፊደል የብራውዘሩ ስምና የአንድ ድረ ገጽ አድራሻ ተጽፎበታል። ያ ገጽ በአንድ ወቅት "ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ አላው የሚለውን ይጫኑ" ብሎ የማሳወቂያ ፈቃድ ወስዶብዎታል። ማስጠንቀቂያውን ሳይነኩ በብራውዘሩ ሴቲንግስ "ኖቲፊኬሽንስ" ውስጥ ገብተው ፈቃዱን ይሰርዙ፤ በዚያው ይቆማል። ስክሪኑን ሞልቶ ስልክ ቁጥር የሚሰጥና "ይደውሉ" የሚል ገጽ ከመጣ ደግሞ አይደውሉ። ማይክሮሶፍት በስሕተት መልእክቶቹ ላይ ስልክ ቁጥር አያስቀምጥም። ብራውዘሩ አልዘጋ ካለ በታስክ ማኔጀር "ኤንድ ታስክ" ይበሉት።

ፍተሻው

አሁን ሰነድዎ ተቀድቷል፣ ትርፉም ወጥቷል፤ ፍተሻው ያለ ጭንቀት ይሠራል። ኢንተርኔቱን ለአጭር ጊዜ መልሰው "ዊንዶውስ ሴኪውሪቲ"ን ይክፈቱና የቫይረስ መለያ መረጃውን ያዘምኑ። አልከፈትም ካለ ወይም ጥበቃው ጠፍቶ አልበራም ካለ፣ ይህ ራሱ የመበከል ምልክት ነው።

ፍተሻውን ከመጀመርዎ በፊት ብዙዎች የሚዘልሉትን አንድ ቦታ ይዩ። "ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን" ውስጥ "ማኔጅ ሴቲንግስ" ብለው ወደ ታች ሲወርዱ "ኤክስክሉዥንስ" የሚል ያገኛሉ። ጸረ-ቫይረሱ እንዳይፈትሻቸው የታዘዙ ቦታዎች ዝርዝር ነው። አንዳንድ ጎጂ ሶፍትዌር ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው የራሱን ፎልደር፣ አንዳንዴም ሲ ድራይቭን በሙሉ፣ እዚህ ላይ መጻፍ ነው። ከዚያ በኋላ ሰውየው ቀን ከሌት ቢፈትሽ "ምንም አልተገኘም" ይባላል። እርስዎ ያላስገቡትን ሁሉ ያውጡ።

ከዚያ "ስካን ኦፕሽንስ" ገብተው "ፉል ስካን" ያስጀምሩ። ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል፤ ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀር ላይ ይሁን። ሲያበቃ የተገኘውን ያስወግዱና ከዚያው ዝርዝር "ኦፍላይን ስካን" የሚለውን ይምረጡ። ይህ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጎ ዊንዶውስ ሳይነሣ ይፈትሻል፤ 15 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ጎጂው ሶፍትዌር ዊንዶውስ ሲነሣ አብሮ ተነሥቶ ራሱን የሚደብቅ ከሆነ፣ አሁን ገና እንደተኛ ይደርስበታል።

በአንድ ዓይን ብቻ አይርኩ። ማልዌርባይትስ ወይም የኢሴት ኦንላይን ስካነር ለሁለተኛ አስተያየት ጥሩ ናቸው፤ በማስታወቂያና በብራውዘር ላይ ለሚጣበቁት ደግሞ አድደብልዩክሊነር። ከአምራቾቹ ድረ ገጽ ብቻ ያውርዷቸው፤ በፍለጋ ውጤት አናት ላይ በማስታወቂያ መልክ የሚመጡት አንዳንዶቹ አስመሳዮች ናቸው። ፕሮግራሙ አልጫን ካለ በሴፍ ሞድ፣ ማለትም ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልጉትን ብቻ ይዞ በሚነሣበት ሁኔታ፣ ይሞክሩ። የሺፍት ቁልፍን እንደያዙ "ሪስታርት" ይበሉ፤ ከዚያ "ትራብልሹት"፣ "አድቫንስድ ኦፕሽንስ"፣ "ስታርትአፕ ሴቲንግስ"፣ "ሪስታርት"፤ ዝርዝሩ ሲመጣ ኢንተርኔት ያለውን ሴፍ ሞድ ለማግኘት 5 ቁጥርን ይጫኑ። በዚህ መንገድ ሲሄዱ አንዳንድ ኮምፒውተር የቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) መክፈቻ ቁጥር ሊጠይቅ ስለሚችል አስቀድመው ከማይክሮሶፍት መለያዎ ላይ ይዩትና ወረቀትዎ ላይ ይጻፉት።

ሪስታርት ካደረጉ በኋላ ሁለት የተለያዩ ፈታሾች ምንም እስካላገኙ ድረስ ጸድቷል አይበሉ።

ፍላሹን ካልፈወሱ ተመልሶ ይመጣል

ፍላሽ ሲሰኩ የራስዎ ፎልደሮች ጠፍተው በቦታቸው ግራ ጥጉ ላይ ትንሽ ቀስት ያለባቸው አቋራጮች ካዩ፣ ፋይሎችዎ አልተሰረዙም፤ ተደብቀዋል። አቋራጩ ሲከፈት ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ፎልደሩን ያሳይዎታል፣ ከጀርባ ደግሞ ትሉን (ራሱን እያባዛ የሚስፋፋውን ጎጂ ፕሮግራም) ያስነሣል። ስለዚህ አይክፈቱት። በፋይል ኤክስፕሎረር "ቪው" ከሚለው ውስጥ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ያድርጉ፤ ቀጥለው "ኦፕሽንስ" ገብተው የሥርዓት ፋይሎችን ደብቅ ከሚለው ላይ ምልክቱን ያንሡ። እውነተኞቹ ፎልደሮች ደብዘዝ ብለው ይታያሉ፤ አንዳንዴ ሁሉም ስም በሌለው አንድ ፎልደር ውስጥ ታጭቀው ይገኛሉ። በጸዳ ኮምፒውተር ላይ ሰነዶቹን ብቻ ይቅዱ፣ አቋራጮቹን ይተዉ፣ ከዚያ ፍላሹን ፎርማት ያድርጉት።

እግረ መንገድዎን እዚያው "ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ" የሚለውንም ያብሩ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 ዓለምን ያዳረሰው "አይ ላቭ ዩ" ትል የተስፋፋው ዊንዶውስ የፋይል ስምን ጭራ ስለሚደብቅ ነበር፤ ተራ ጽሑፍ መስሎ የታየው ፋይል በእውነት ስክሪፕት ነበር። ዊንዶውስ ዛሬም ጭራውን ከመነሻው ይደብቃል።

ፋይሎችዎ ተቆልፈው ገንዘብ ከተጠየቁ

ይህ ራንሰምዌር ነው፤ እዚህ ላይ ፍጥነት ያስፈልጋል። ኢንተርኔቱንና የተሰካውን ዲስክ ሁሉ ወዲያው ይንቀሉ። የተቆለፉትን ፋይሎች አይሰርዙ። በሌላ መሣሪያ ኖ ሞር ራንሰም የተባለውን ድረ ገጽ ይክፈቱ፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 የአውሮፓ ኅብረት የፖሊስ ድርጅት ዩሮፖል፣ የኔዘርላንድስ ፖሊስና የጸረ-ቫይረስ ኩባንያዎች የመሠረቱት ሲሆን፣ ቁልፋቸው ለተገኘ ዝርያዎች መክፈቻ በነጻ ይሰጣል። ለእርስዎ ዛሬ ባይኖር ከጊዜ በኋላ ሊወጣ ይችላልና ፋይሎቹን ያስቀምጡ። ገንዘብ መክፈል ፋይሉ ለመመለሱ ምንም ዋስትና አይሆንም።

ከጸዳ በኋላ

የይለፍ ቃላትዎን ይቀይሩ፤ ከዚያው ኮምፒውተር ሳይሆን ንጹሕ መሆኑን ከሚያውቁት ስልክ ወይም ሌላ መሣሪያ። ከኢሜይል ይጀምሩ፤ የሌሎቹ ሁሉ ቁልፍ በእሱ በኩል ይቀየራልና። የይለፍ ቃል መቀየር ብቻ ግን አይበቃም። መረጃ ሰራቂ ሶፍትዌር በብራውዘሩ የተቀመጠውን የመግቢያ ፈቃድ ስለሚወስድ፣ ሌባው ያለ ይለፍ ቃል ሊገባ ይችላል። በየመለያዎ "ከሁሉም መሣሪያዎች ውጣ" የሚለውን ይጫኑና ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫን ያብሩ።

ቫይረሱ ተመልሶ ከመጣ፣ ወይም አንድ ሰው ከሩቅ ኮምፒውተርዎን ሲቆጣጠር እንደነበር ካወቁ፣ በመለጠፍ አይድከሙ። "ሴቲንግስ"፣ "ሲስተም"፣ "ሪከቨሪ"፣ ከዚያ "ሪሴት ዚስ ፒሲ" ብለው "ሪሙቭ ኤቭሪቲንግ" እና "ክላውድ ዳውንሎድ" የሚሉትን ይምረጡ። ዊንዶውስ 10 ላይ "ሪከቨሪ" የሚገኘው "አፕዴት ኤንድ ሴኪውሪቲ" ሥር ነው። ከዚያ ሰነዶችዎን ብቻ ይመልሱ። ፈቃዳቸው በክራክ (የሶፍትዌርን ፈቃድ በሚሰብር ፕሮግራም) የተሰበሩ ፕሮግራሞችን ግን መልሰው አያስገቡ። ክራኩ "ጸረ-ቫይረስዎን ያጥፉ" ሲልዎት ምን ይዞ እንደሚገባ አያውቁም፤ እኔ ካጸዳኋቸው ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ የተበከሉት በዚሁ በር ነው።

ምርመራው ዲስኩን ካጋለጠ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ይለውጡት። ለአሮጌ ኮምፒውተር ከዚህ የሚበልጥ ለውጥ አላየሁም፤ ለመነሣት ብዙ ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሲነሣ ባለቤቱ አዲስ የገዛ ይመስለዋል። ራሙ 4 ጊጋባይት ከሆነ ወደ 8 ያሳድጉት፤ አንዳንድ ላፕቶፕ ራሙ ከሰሌዳው ጋር የተበየደ ስለሆነ ግን አስቀድመው ሞዴሉን ያጣሩ። ማራገቢያው አቧራ ከያዘ ያስጸዱት፤ ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለማዳን ሆን ብሎ ፍጥነቱን ይቀንሳል።

ዝማኔዎችን አያሳድሩ። ማይክሮሶፍት ዋናክራይ የተባለው የራንሰምዌር ትል የተጠቀመበትን ቀዳዳ የደፈነው እ.ኤ.አ. መጋቢት 14 ቀን 2017 ነበር፤ ትሉ የተነሣው ግንቦት 12 ነው። ሁለት ወር ገደማ ጊዜ ነበር፤ የተጎዱት ያን ዝማኔ ያልጫኑ መሣሪያዎች ናቸው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 ስላበቃ፣ ኮምፒውተርዎ የሚችል ከሆነ ወደ 11 ያሸጋግሩት።

ከአንድ ሳምንት በኋላ ወረቀቱን ያውጡና ሦስቱን ቁጥሮች እንደገና ይለኩ። የመነሻው ጊዜ አጥሮ ሜሞሪው ከወረደ ሥራው ተሳክቷል። ከሳምንቱ በፊት ከነበሩት ካልራቁ ግን አዲስ ነገር ከመጫንዎ በፊት ታስክ ማኔጀርን ከፍተው የዲስኩን ዓምድ ደግመው ያንብቡ።